ውሸታሙ ሜትር እና የእድራችን ድስት ክዳን

በእኛ ጊዜ ስላችሁ ጥንት እንዳይመስላችሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ማለቴ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ የራሴ ጊዜ የምለው ከጡረታ ወዲህ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የምነዳው አውቶቡስ ጊዜ ነበር፤ እሱ ሲነሳ እነሳለሁ፣ እሱ ሲቆም እቆማለሁ። እና በእኛ ጊዜ ሰው ብረት የሚያቀልጥበትን ዕቃ ሱቅ ሄዶ አይገዛም፣ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። ይሸጥ እንደሆነም አላውቅም፣ ጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ ጡረታ ወጣሁና ቤት መዋል ጀመርኩ። ባለቤቴን ዘነበችን ታውቋታላችሁ፣ አሁን ገበያ ወርዳ ነው እንጂ እዚህ ብትሆን እኔን አታስወራኝም ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ "ደምሴ፣ እባክህ ከእግሬ ሥር ውጣልኝ" ማለት ጀመረች። ወንዱ ልጃችን ስልክ ገዝቶልኝ ነበርና እሱን ይዤ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። እና ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ አየሁ፣ ጓሮው ውስጥ የመኪና ፒስተን እንደ ቅቤ ሲያቀልጥ። እንደ ቅቤ ነው የምላችሁ። አቀለጠው፣ አሸዋ ውስጥ አፈሰሰው፣ ቀዘቀዘ፣ የበር እጀታ ሆኖ ወጣ። በቃ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ምድጃውን እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ፣ ይሄ ለእናንተም ይጠቅማል። ከቁራሌው ያረጀ የውኃ ማሞቂያ ቀፎ አመጣሁ፣ ላዩን ቆረጥኩት። ግን ቀፎው ብቻውን አይሆንም፣ እሳቱ ይበላዋል። ውስጡን ወፈር አድርገህ በጭቃ መለሰን አለብህ፣ ጭቃው ደግሞ ዝም ብሎ ጭቃ አይደለም። ከሰፈራችን ከቀበና እንጦጦ ወጣሁ። ከመንገዱ በላይ ጎርፍ የሸረሸረው ገደል አለ አይደል፣ እዚያ ሥር ያለው አፈር በውኃ ስታሸው እንደ ሳሙና ይሆናል። እሱን በማዳበሪያ ሞልቼ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ማዳበሪያውን ነካ ነካ አደረገና፣

"ጋሼ፣ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አፈር።"

"ቀበና አፈር ጠፋ እንዴ?"

"ጠፋ" አልኩት።

እና አፈሩን ከአሸዋና ከጭድ ጋር ረግጬ ለሰንኩት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። እኔ ግን አላስቻለኝም። ላዩ ሲነጣ ደርቋል ብዬ ለኮስኩት፣ ውስጡ ለካ እርጥብ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። እንደገና እንጦጦ። እና ረዳቱ ያው ልጅ አይሆን መሰላችሁ? ማዳበሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ "ጋሼ፣ ያኛውን በልተው ጨረሱት?" አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ከምድጃው ቀጥሎ ጉጠቱ ነው። ጉጠት ታውቃላችሁ? የጋለውን ዕቃ ከእሳት የምታወጣበት ረጅም መቆንጠጫ ነው። ከፌሮ ነው የሠራሁት፣ ሁለት ፌሮ አጣምረህ መሐሉን በቡሎን ታስረዋለህ፣ ጫፉን ማቅለጫውን፣ ፒስተኑ የሚቀልጥበትን የብረት ጣሳ ማለቴ ነው፣ እንዲያቅፍ አድርገህ ታጎብጠዋለህ። የመጀመሪያውን አሳጠርኩት። ማቅለጫውን ላወጣ ጎንበስ ስል ፊቴ ላይ ፍስስ የሚል ነገር ተሰማኝ፣ ቤት ስገባ ዘነበች ትኩር ብላ አየችኝና "ቅንድብህ የት ሄደ?" አለች። ሁለተኛውን አንድ ሜትር አደረግኩት። ስለዚህ ፌሮ አትቆጥቡ፣ ቅንድብ ከፌሮ ይወደዳል።

ነፋሱ ደግሞ፣ ነፋስ ከሌለ ከሰሉ ድስት ያሞቃል እንጂ ብረት አያቀልጥም። መጀመሪያ ወናፍ ሠራሁ። የብስክሌት ጎማ ነው፣ በእጅ ትዘውረዋለህ፣ ጎማው በገመድ ትንሿን ማራገቢያ ያዞራታል፣ ማራገቢያዋ በቧንቧ ወደ ምድጃው ትነፋለች። ይሠራል፣ ግን ሲሽከረከር የሚያሰማው ጩኸት አይጣል ነው። ዘነበች "ወይ እሱ ወይ እኔ" አለች። ታዲያ ሴቷ ልጃችን ጥላው የሄደችውን የፀጉር ማድረቂያ በቦታው ገጠምኩና ወናፉን የዶሮ ቤቱ ላይ ሰቀልኩት። ይሄን ወናፍ አትርሱት፣ ኋላ ይመጣል።

አሸዋውንም ልንገራችሁ። ደቃቅ አሸዋ በወንፊት ነፍተህ ከዚያው ከእንጦጦ አፈር ትንሽ ታገባበታለህ፣ ውኃ ጠብ ጠብ ታደርጋለህ። በጭብጥህ ጨምቀህ ስትሰብረው እንደ ብስኩት ንጹሕ ሆኖ ከተሰበረ ደርሷል። ውኃ ከበዛበት የቀለጠው ብረት ሲነካው ይፈነዳልና ተጠንቀቁ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይም አታፍስሱ። ወንፊቱ የዘነበች ነበር፣ እሱን እንለፈው። አሸዋውን ከዕቃው በታችና በላይ የምትጠቀጥቅባቸው ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ እነሱ እንዳይጣበቁ ደግሞ መሐላቸው ፓውደር ይነሰነሳል፣ የሕፃን ፓውደር። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና "እንኳን ማርያም ማረቻቸው ልበል ጋሽ ደምሴ?" አለኝ።

እና ይሄን ሁሉ ሠርቼ የበር እጀታ፣ የመጋረጃ ቀለበት፣ ምን የማላወጣው ነገር አለ፤ ነፍሴ ደስ አላት። ግን ፒስተን ዘይት ጠጥቶ የኖረ ነገር ነው፣ ሲጀምር ይጨሳል። ጭሱ ደግሞ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ወደ እትዬ ብዙነሽ የልብስ ማስጫ።

እትዬ ብዙነሽን የማታውቁ ካላችሁ፣ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው፣ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊም ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ በድምፅም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው በሬ ላይ ቆሙ።

"አሽትተው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ነጠላዬን ነዋ። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የቆመችው ሴት 'ጋራዥ ደርሰሽ ነው የመጣሽው?' አለችኝ፣ ደምሴ። በዚህ ዕድሜዬ።"

ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ግን "እድሩ ሲሰበሰብ አነሳዋለሁ፣ ይሄ ምድጃ ይፈርሳል" ብለው ሄዱ። እና እትዬ ብዙነሽ አነሳዋለሁ ያሉት ነገር ተነስቶ ብቻ አይቀርም። እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ሌላም ነገር ትሠራላችሁ። እኔ ያን ምድጃ ካፈረሱብኝ ተመልሼ በረንዳ ላይ ነኝ፣ ከዘነበች እግር ሥር።

ታዲያ በዚያው ሳምንት ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር፣ እና የእድሩን ትልቁን ድስት ሲያወርዱ ክዳኑ ድንጋይ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። ያ ድስት ከእኔ ጋር ነው ያረጀው፣ ክዳኑ ብቻውን የትም አይገኝም። ሰው ሁሉ ከበበ፣ አንዱ ድስቱን እንቀይር ይላል፣ አንዱ ትሪ ይከደንበት ይላል። እኔ አፌ አያርፍም፣ "እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

እትዬ ብዙነሽ ዞር አሉ። "አንተ?"

"እኔ።"

"በዚያ በጭስህ?"

"በዚያው።"

"እንግዲህ ሰው ይስማ" አሉ፣ ሰው ደግሞ እየሰማ ነው፣ ድንኳኑ ሙሉ ነው። "እድሩ እስኪሰበሰብ ክዳኑን ከሠራህ ስለ ምድጃህ አንድ ቃል አልናገርም። ካልሠራህ ራስህ አፍርሰህ ጎመን ትተክልበታለህ።"

"እስማማለሁ" አልኩ። ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ሆና ዓይኗን ጨፈነች፣ አየኋት።

ሥራው ግን ቀላል ነው ብዬ ነበር። የተሰበረውን ክዳን በጀሶ አጣበቅኩ፣ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ፣ ጠቀጠቅኩ፣ ሳጥኑን ከፍቼ ክዳኑን ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ ቅርጹ አሸዋው ላይ ቀረ። ፒስተኑን አቀለጥኩ፣ አፈሰስኩ። ሲቀዘቅዝ ስከፍተው፣ ምን ልበላችሁ፣ ከድሮው ይልቅ ያምራል። በአመድ ፈትጌ ፈትጌ ፊቴን አየሁበት፣ ቅንድቤም በቅሎ ነበር። አላስቻለኝም፣ እንደ ጋሻ ታቅፌው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ፣ በየመንገዱ ሰው ሲጠይቀኝ ቆም እያልኩ አሳያለሁ፣ ሰውም እየተከተለኝ መጣ።

እትዬ ብዙነሽ ክዳኑን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት። ደህና ነው እንኳ ማለት አልፈለጉም፣ ግን ፊታቸው ላይ አየሁት፣ ደህና ነው። ድስቱ ላይ አስቀመጡት። እና ክዳኑ፣ ዷ። ድስቱ ውስጥ ገባ። እንዳለ ገባ፣ ታች ድረስ።

እትዬ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው ወደ ድስቱ ውስጥ አዩ።

"ደምሴ" አሉ፣ "ለድስቱ ክዳን አልንህ እንጂ ምንጣፍ አልንህ?"

ሳቁ ቀበና ወንዝ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ደግሞ ከኋላ "የጎመን ዘር እኔ ጋ አለ" ይላል። ክዳኑን ከድስቱ ውስጥ አውጥቼ፣ ያንኑ መንገድ፣ አሁን በብብቴ ሥር ወሽቄው ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ አሮጌውንና አዲሱን ደራርቤ ባየው አዲሱ ዙሪያውን አንሷል። ከአንድ ጣት አይሞላም፣ ግን አንሷል። እንዴት ሊሆን ይችላል? ከእሱው ላይ አይደለም እንዴ የቀዳሁት? አሸዋው ተናደ? አልተናደም። እንግዲህ አሳቡ ይዞኝ ቁጭ ብዬ ሳለ ብርድ ሆነና ዘነበች ያቺን ራሷ የሠራችልኝን ሹራብ አመጣችልኝ። ለበስኳት፣ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ።

"ምነው ይቺ ሹራብ?" አልኳት።

"ፈላ ባለ ውኃ አጥበሃት ገብታ ነዋ። አላልኩህም? ሱፍ ይገባል። ለዚህ ነው እኔ ስሠራ ሁልጊዜ ትርፍ የማደርገው፣ ያንተ አስተጣጠብ ግን ከትርፉም በላይ ሆነብኝ" አለች፣ እየሳቀች።

እጅጌዬን ይዤ ክዳኑን አየሁ።

"ምን ሆንክ?"

"ገብቶ ነው" አልኩ።

"ማን ነው የገባው?"

"ክዳኑ። ዘነበች፣ ክዳኑ ገብቶ ነው።"

ገባችሁ? ብረት ሲግል ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ቀልጦ ቅርጹን ሞልቶት ነበር፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ እንደ ሹራቤ ገባ። በር እጀታ ላይ ማን ያስተውለዋል? ድስት ላይ ግን ድስቱ ያስተውለዋል። ስለዚህ ቅርጹን ስትሠራ መጀመሪያውኑ የሚገባውን ያህል ማስፋት አለብህ። ግን ምን ያህል? በግምት ካሰፋሁት እንደገና ምንጣፍ፣ ወይም ደግሞ ጃንጥላ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ዕቃ ነው የምነግራችሁ፣ ከምድጃውም ከጉጠቱም በላይ የምኮራበትን። ዘነበችን የቀሚስ ወገብ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ ለመንኳት። ላስቲኩን ሳልስበው ከደህናው ሜትር አጠገብ ዘርግቼ ሴንቲሜትሩን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ቀዳሁበት። ከዚያ አዲሱን፣ ያነሰውን ክዳን በደህናው ሜትር ለካሁት። ያን ቁጥር ላስቲኩ ላይ ያዝኩና መጀመሪያውን ከአሮጌው ክዳን አንድ ጫፍ አስይዤ ላስቲኩን ሳብኩት፣ ሳብኩት፣ ያ ቁጥር የአሮጌውን ሌላ ጫፍ እስኪነካ ድረስ። እዚያ ላይ አቆምኩ። እንደተሳበ በሚስማር እንጨት ላይ መታሁት። አያችሁ? አሁን ይሄ ሜትር ይዋሻል፣ ግን የሚዋሸው ልክ ብረቱ በሚገባው መጠን ነው። በእሱ ለክተህ የሠራኸው ቅርጽ ትልቅ ነው፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ እውነቱ ይመለሳል። ዘነበች "ውሸታሙ ሜትር" አለችው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ አሮጌውን ክዳን ዙሪያውን በጀሶ እየቀባሁ አሰፋሁት፣ ውሸታሙ ሜትር አሮጌው ሳይቀባ በደህናው ሜትር የነበረውን ስፋት እስኪያነብ። ጀሶው በክረምት መች ይደርቃል፣ ደረቀ ስል እድሩ ነገ ሊሰበሰብ ነው። ከሰዓት በኋላ እሳቱን ለኮስኩ፣ ፀጉር ማድረቂያው ይነፋል፣ ፒስተኑ ጠርዙ መቅለጥ ጀምሯል። እትዬ ብዙነሽ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

"ጎመኑን ለነገ ነው የምትተክለው?"

ልመልስ ስል መብራት ሄደ።

ፀጉር ማድረቂያው እንደ ድመት አቃሰተና ዝም አለ። እሳቱ ቀይ የነበረው ጠቆረ። "ዘነበች፣ ወናፉን" ብዬ ጮህኩ፣ እሷ ከዶሮ ቤቱ ላይ አወረደችው፣ ዶሮዎቹም አብረው ወረዱ። ገጠምነው፣ ዘነበች መዘወር ጀመረች፣ ግን እጇ ላይ ሕመም አለባት፣ ብዙ አልቆየችም። እኔ ደግሞ መዘወር አልችልም፣ ጉጠቱን መያዝ አለብኝ፣ አሸዋውን መጠበቅ አለብኝ። እና ቀና ስል እትዬ ብዙነሽ ግቢው ውስጥ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ዘነበችን በክርናቸው ገፋ አደረጓት።

"ልቀቂ" አሉ።

"እትዬ፣ እርስዎ ምድጃው እንዲፈርስ አይደል የሚፈልጉት?" አልኳቸው።

"ምድጃህ ይፍረስ። እኔ ነገ ድስቴን በትሪ ከድኜ ጉባኤ ፊት አልቆምም። ወዴት ነው የሚዞረው?"

"ወደ ራስዎ።"

እና ዘወሩት። ኧረ እንዴት ዘወሩት። የዚያ ጎማ ጩኸት ሰፈሩን ሞላው፣ ምድጃው ነጭ ሆነ። እየዘወሩ ግን አፋቸው አላረፈም፤ "ጭሱን ስሰድብ ኖሬ ጭስ ልንፋ? ይሄን ያየ የንስሐ አባቴ ምን ይላል? ቀለጠ?"

"አልቀለጠም።"

"አሁንስ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ትላለህ፣ ክንዴ ነው የቀለጠው።"

ቀለጠ። በጉጠቱ አወጣሁት፣ አፈሰስኩት፣ አንድም ጠብታ አልባከነም። እትዬ ብዙነሽ ላባቸውን ጠርገው ወዲያው "ክፈተው" አሉ። አይሆንም፣ ሳይቀዘቅዝ ከከፈትነው ይጣመማል አልኳቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጠበቁ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ስለ ብረት ሲጠይቁኝ የሰማሁት። ለምን ፓውደር? ለምን ሁለት ሳጥን? ይሄ የተሳበው የቀሚስ ላስቲክ ምንድን ነው? ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ደስ እያለኝ፣ ዘነበች እስክትቆጣኝ ድረስ።

በማግስቱ ጉባኤ ፊት ድስቱ መጣ። ክዳኑን ለእትዬ ብዙነሽ ሰጠኋቸው። እውነቴን ነው፣ አውቶቡስ ሞልቼ ዳገት ስወጣም እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ያ የጎመን ዘር አለኝ ያለው ሰውዬ ከፊት ወንበር ይዟል፣ አንገቱን አስግጎ ድስቱን ያያል። እትዬ ብዙነሽ አስቀመጡት። ቂጭ አለና ቁጭ አለ። አዞሩት፣ ዞረ። በጣታቸው ጠርዙን ተጫኑት፣ አልነቃነቅም አለ። ጎንበስ ብለው አዩትና፣

"እጀታው ትንሽ ያጋድላል" አሉ።

እና ዕቃውን ለማስቀመጥ ሊሄዱ ነው ስንል ወደ ጉባኤው ዞሩ። ስለ ጭሱ ሊያነሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ይሄን ክዳን እኔ ነኝ የነፋሁት" አሉ። "መብራት ሄዶ፣ በእነዚህ እጆቼ። እኔ ባልኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ፒስተን ነበር።" ሰው አጨበጨበ። ለእሳቸው ነው ያጨበጨበው። እኔ ጭራሽ ከታሪኩ ወጣሁ።

እና ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ ያን ምድጃ ማን ይንካው? የእሳቸው ሆነ እኮ። እሳቸው ልብስ የሚያሰጡበት ቀን እኔ እሳት አልለኩስም፣ እኔ የምለኩስበት ቀን እሳቸው አያሰጡም፣ ተግባብተናል። እንግዳ ሲመጣባቸውም በአጥሩ በኩል "ደምሴ፣ ያን ወናፍ አሳያቸው እስቲ" ይሉኛል። የሰው ልጅ ዕቃውን አንዴ በእጁ ካዞረው አይጠላውም፤ እኔ ይሄን ነው የተረዳሁት። በሬ ላይ ነጠላ አንጠልጥለው ሲመጡ ይቅርታ ብቻ ሳይሆን የወናፉን እጀታ ባቀብላቸው ኖሮ ያን ሁሉ ሳቅ አይሳቅብኝም ነበር። ግን ያኔ ውሸታሙ ሜትርም አይወለድም ነበር፣ ስለዚህ ይሁን።

እዚያ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው። አትንካው፣ አንተ። ዘነበች ሳታውቅ መስኮቱን በእሱ ለክታ ጨርቁን በደህናው ብትቆርጥ መጋረጃው አጠረባት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጎረቤት እግራችንን ያየናል።

በሉ እንግዲህ፣ ወሬ ይበቃል። ለመማር የመጣችሁ ከሆነ ነገ ፌሮ ይዛችሁ ኑ፣ ከጉጠቱ ነው የምንጀምረው። አንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት።

"እሺ ጋሼ። በየትኛው ሜትር?"

ኪኪኪ። ተመልከቱት ይሄን ልጅ። በደህናው ነዋ፣ በደህናው። ፌሮ አይገባም።